ከኳሷ ላይ የቆረጥኩት ቀይ ጨርቅ

ዲሴምበር 20፣ ቤኪያ

የጀልባው መዝገብ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ነፋሱን፣ ርቀቱን፣ የቀረውን ነዳጅ እጽፋለሁ፤ ባለቤቱ ያነበዋል። ይሄኛው የራሴ ነው። ኔሪሳ ደብተሩን ባየች ቁጥር "ካፒቴናችን ደራሲ ሊሆን ነው እንዴ!" ትለኛለች። ኔሪሳ የጀልባችን የ"አዜሊያ" ምግብ አብሳይ ናት። ምግብ ማብሰል ብቻ አይደለም፣ መልህቅ ትጥላለች፣ ገመድ ትይዛለች፣ አፏም እረፍት አያውቅም። አብረን ስንሠራ አራተኛ ዓመታችን ነው።

ነገ የገና እንግዶች ይገባሉ፤ ከካናዳ፣ ባልና ሚስት ከሁለት ትልልቅ ሴት ልጆቻቸው ጋር። ዐሥር ቀን በካሪቢያን ከደሴት ደሴት እናዞራቸዋለን። የገና ነፋስ ዘንድሮ ዘግይቷል፣ ባሕሩ ዝም ብሎ ተኝቷል። ደስ አይለኝም እንዲህ ሲሆን። ሲመጣ ባንዴ ነው የሚመጣው።

ዲሴምበር 22፣ ሜይሮ

ሚስዝ ፕሬስኮት ከጠዋት ጀምራ "ኤሊ፣ ኤሊ" ስትል ዋለች። ኤሊ እንደ ልብ የሚታየው ፔቲ ሮዝ ወሽመጥ ነውና ለምሳ ወደዚያ ሄድን። ስንደርስ ወሽመጡ ጢም ብሏል። የወሽመጡ ጠባቂ፣ ሽማግሌው አጎቴ ኦርቲን፣ ዐሥራ ሁለት ነጭ የጀልባ መታሰሪያ ኳሶች አሏቸው፣ እያንዳንዱ ከባሕሩ ወለል ካለ ሲሚንቶ ጋር በሰንሰለት የተያያዘ። ዐሥራ አንዱ ተይዟል። በቀረችው ላይ ቀይ ጨርቅ አለ።

ቀይ ጨርቅ ምን እንደሆነ እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ኳሷ ታማለች ማለት ነው፤ ሰንሰለቷ ተበልቷል፣ ሽማግሌው ጠልቀው እስኪያድሷት ማንም አይሰርባት። ካርታ ላይ አልተጻፈም፣ እንግዳም አያውቀውም። እኛ ግን እናውቀዋለን። ጨርቁን የሚቀዱት ከሟች ሚስታቸው መጋረጃ ነው፤ ሌላ ቀይ አይጠቀሙም።

መልህቅ እንዳልጥል ሥሩ ሁሉ ኮራል ድንጋይ ነው። ሚስተር ፕሬስኮት ደግሞ አጠገቤ ቆሞ "ታዲያ ያቺ ባዶ አይደለች?" ይለኛል። ኔሪሳ ከፊት መንጠቆዋን ይዛ "ካፒቴን፣ ቀይ ናት" አለችኝ።

"ለምሳ ነው ባክሽ፣ ነፋስ እንኳ የለ።"

መንጠቆዋን አስቀምጣ ወደ ማዕድ ቤቷ ገባች። ራሴ ሄጄ ኳሷን ሳብኳት። ቋጠሮው በጨው ደርቆ አልፈታ ሲለኝ በቢላ ጎኑን ቆረጥኩት። ታናሽየዋ ልጅ "ምንድን ነው እሱ?" አለችኝ። "የገና ማስጌጫ" አልኳት። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ጨርቁን ዕቃ ሣጥን ውስጥ ወረወርኩት።

ኤሊዎቹ መጡ። ሰባት ቆጠሩ። ሚስዝ ፕሬስኮት አለቀሰች በደስታ።

ስንነሣ ጨርቁን መልሼ ማሰር ረሳሁ። አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ነፋሱ ተነሥቷል፣ ገመዶቹ ያፏጫሉ። አጎቴ ኦርቲን ማለዳ ይዞራሉ፣ አይተው ሌላ ያስራሉ። ምንም አይደለም።

ዲሴምበር 23

ሬዲዮ። ፔቲ ሮዝ። ሊነጋ ሲል አንድ ጀልባ ሰንሰለት በጥሶ ኮራሉ ላይ ወጥቷል። ያለ ካፒቴን ራሳቸው የተከራዩ ባልና ሚስት። የሰውየው ቁርጭምጭሚት በጀልባውና በድንጋዩ መሃል። ወደ ባርቤዶስ በአውሮፕላን። ሴትየዋ ደህና ናት።

የትኛዋ ኳስ እንደሆነች አልተናገሩም። ዐሥራ ሁለት ናቸው። ሌላዋም ልትሆን ትችላለች።

ቁርስ። ፓንኬክ ይፈልጋሉ።

ዲሴምበር 25፣ ዩኒየን

ያቺው ናት።

ነዳጅ ስንቀዳ ዴዝመንድ ነገረኝ። ዴዝመንድ የሌላ ጀልባ ካፒቴን ነው፣ ሳይጠየቅ የሚያወራ። "ሽማግሌው ቀይ አስሬ ነበር ብሎ ይምላል። ግን ማንም አላየም። ሰባ ስምንት ዓመት ሆነውኮ ሰውዬው፣ ባለፈው ሳምንት እኔን በወንድሜ ስም ነው የጠራኝ!" አለና ሳቀ። "እኔንም ሁሉም ሰው በወንድሜ ስም ነው የሚጠራኝ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?" አላልኩትም። ነዳጁ ሞላ፣ ቱቦውን ነቀልኩ።

ኔሪሳ ጥቁሩን የገና ኬክ ቆርሳ ለእንግዶቹ ሰጠች፣ ለእኔ ጠረጴዛው ላይ ተወችልኝ። በእጄ አልሰጠችኝም። እንግዶቹ ሲዘምሩ ዋሉ፣ እኔም ከነሱ ጋር አፌን ከፈትኩ።

ዲሴምበር 31፣ ቤኪያ

ፕሬስኮቶች ሄዱ። ሲሰናበቱ አቀፉኝ። "ደህንነት የሚሰማን ካንተ ጋር ነው" አለችኝ ሚስዝ ፕሬስኮት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበር።

ሚስ ክላሪስ ሱቅ የተጠበሰ ዓሣና የዳቦ ፍሬ ልበላ ገብቼ ስለ አጎቴ ኦርቲን ነው ወሬው። አንዱ "ጃጅቷል" ይላል፣ ሌላው "ልጁ ምነው ዝም አለች፣ ኪንግስታውን ወስዳ ሐኪም ብታሳየው" ይላል። ሚስ ክላሪስ ወደ እኔ ዞረች። "ሴልዊን፣ አንተ ከልጅነትህ ታውቃቸዋለህ፣ ምን ትላለህ?"

"ዕድሜ ነው" አልኩ።

ዕድሜ ነው! አፌን በቆረጠው። መዋኘት ያስተማሩኝ፣ ቋጠሮ ያስተማሩኝ፣ አባቴ ሲሞት ከእኔ ጋር ሦስት ቀን ቁጭ ያሉ ሰውዬ። ዓሣውን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ጃንዋሪ 3

ኮሚቴው ጠራን። የፔቲ ሮዝ ሰዎች አደጋውን ለማጣራት ራሳቸው ያቋቋሙት ነው፣ ሦስት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ። አጎቴ ኦርቲን ከፊት ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፣ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዛቸውን ለብሰው። ልጃቸው ጄኔል ከአጠገባቸው።

ሰብሳቢው ሚስተር ሆኪንስ ጠየቀኝ። "ያን ቀን ያቺ ኳስ ላይ ምሳ በልታችኋል። ስትነሡ ቀይ ጨርቅ ነበረባት?"

"ስንነሣ ጨርቅ አልነበረባትም።"

እውነት ነው። አንድም ቃል ውሸት የለበትም። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት መልስ ነው።

"ቀይ ቢኖርባት ኖሮስ ታስር ነበር?"

"ቀይ ባለበት ማን ካፒቴን ያስራል?" አልኩ፣ እንደ ተቆጣ ሰው ሆኜ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ማን ያስራል፣ እውነትም።

ከዚያ አጎቴ ኦርቲን ተነሡ። ይከራከራሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢከራከሩልኝ ብዬ ተመኘሁ መሰለኝ። "ትናንት ድረስ አስሬዋለሁ ስል ነበር። እጄ ላይ ነው ያለው፣ ሳስረው። ግን ሴልዊን አይዋሽም። ሴልዊን አልነበረም ካለ፣ እኔ ነኝ የረሳሁት" አሉ። ያ ሰው በማን ምክንያት እንደ ቆሰለ ሳያውቁ እንቅልፍ አልወስድ ብሏቸው እንደ ነበር፣ አሁን ግን እንዳወቁ ተናገሩ። ጄኔል እጃቸውን ያዘች።

ኳሶቹ ተወሰዱባቸው። ሠላሳ ዓመት የጠበቁት ወሽመጥ።

የጀልባው መዝገብ ላይ ለዲሴምበር 22 የጻፍኩትን ዛሬ አየሁት። "ፔቲ ሮዝ፣ ምሳ፣ ሁሉም ደህና።"

ጃንዋሪ 12

አዲስ እንግዶች፣ ስድስት ጓደኛሞች። ፔቲ ሮዝ ካላየን አሉ። ነፋስ በዝቷል ምናምን ብዬ ነበር። አልሰሙኝም።

ለእራት ሎብስተር ልገዛ ወረድኩ። የአጎቴ ቤት መንገዱ ላይ ነው፣ በሌላ መንገድ መሄድ አይቻልም። በሩ ክፍት ነበር።

"ልጄ፣ ግባ፣ ግባ" አሉኝ። ሶረል፣ ቀዩን የገና መጠጥ፣ ቀዱልኝ። ጠጣሁት፣ ምን ላድርግ። ጀልባቸው በአሸዋው ላይ ተገልብጣ ነው ያለችው።

የማዕድ ቤቱን ግድግዳ አየሁት። ሙሉውን በእርሳስ ጽፈውበታል። "ምድጃውን አጥፍቻለሁ፣ ሰኞ።" "ጫማ ከበሩ ኋላ።" "ጄኔል ደውላለች፣ ደህና ናት፣ ደግሜ እንዳልጠይቃት።" ከሁሉም ከፍ ብሎ፣ በተጨነቀ እጅ፣ እንዲህ ይላል፦ "ዲሴምበር 21 ቀዩን ጨርቅ አላሰርኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ስመለከተው አዩኝ። "እንዳልረሳው ነው። አእምሮዬ ሲደክም፣ አስሬዋለሁ ብዬ ሰው ላይ እንዳላላክክ። ሰው ጥፋቱንም ቢሆን መርሳት የለበትም" አሉ።

"አጎቴ፣ ይሄን ያህል እንኳ አይጨነቁ" አልኳቸው። እንዲህ ነው ያልኳቸው። ብርጭቆውን አስቀምጬ ወጣሁ። ሎብስተር ሳልገዛ ነው የተመለስኩት፣ ኔሪሳ ባዶ እጄን አየችና ሩዝ ጣደች።

ጃንዋሪ 20፣ ማታ

እንቅልፍ የለም። ልጻፈው እንግዲህ። ዲሴምበር 22 ላይ "ረሳሁ" ብዬ ጽፌያለሁ። ያኔም የማነበው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለራሴ ነው የዋሸሁት።

አልረሳሁም። ልንነሣ ስንል ጨርቁን ከሣጥኑ አወጣሁት፣ ያዝኩት። ከዚያ እነዚያ ባልና ሚስት መጡ። ሸምገል ያሉ ናቸው፣ ሴትየዋ ሰፊ ነጭ ባርኔጣ አድርጋለች። ቦታ አጥተው ሲዞሩ ሞተራቸውን አብርደው ጠጋ አሉ። ፕሬስኮቶች ሁሉ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። አሁን ጨርቁን ባስር እነዚያ ሰዎች ለምን ይሉኛል። ታማለች ብል ደግሞ ሚስተር ፕሬስኮት፣ እኛንስ ለምን ሁለት ሰዓት አሰርከን፣ ልጆቼ ከሥር እየዋኙ? ይለኛል። "ደህንነት ካንተ ጋር ነው" የሚባልልኝ ካፒቴን ነኝ እኮ።

ሰውየው "ጥሩ ናት?" ብሎ ጮኸ።

አውራ ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩለት። ሳቅ እያልኩ። ሴትየዋ ባርኔጣዋን አውልቃ አመሰገነችኝ።

ጨርቁን ሣጥን ውስጥ መለስኩት። ይሄው ነው። ለሰው ፊት ብዬ ነው፣ ለሌላ ለምንም አይደለም። የሰውየው እግር ድኖ በከዘራ እንደሚሄድ ዴዝመንድ ነግሮኛል። እንዴት ደስ እንዳለኝና በደስታዬም እንዴት እንዳፈርኩ ልጽፈው አልችልም።

አውራ ጣቴን ኔሪሳ አይታለች ወይ? ጀርባዋን ሰጥታ ሰሃን ስታጥብ ነበር። አላየችም።

ጃንዋሪ 29

አይታለች።

እንግዶቹ ለመዋኘት ወርደው እኔ ክፍሌ ስገባ ትራሴ ላይ ጨርቁ ተቀምጧል። ታጥቧል። ተተኩሷል፣ የሱፍ ሱሪ ይመስል። ቋጠሮው ብቻ እንዳለ ነው፣ ድርብ፣ ጭራው ወደ ውስጥ የተመለሰ፣ አጎቴ ኦርቲን ብቻ እንደሚቋጥሩት። እኔን ሲያስተምሩኝ "ጭራውን አስገባው፣ ባሕር ጭራ ይወዳል" ይሉኝ ነበር። እኔ ጎኑን ነበርና የቆረጥኩት፣ ቋጠሮውን አልነካሁትም።

ይዤው ወደ ማዕድ ቤቱ ሄድኩ። ሽንኩርት ትከትፋለች።

"ይሄን ማን አስቀመጠው?"

"ሞተር ልትጠርግበት አውጥተኸው ነበር ባለፈው ሳምንት። ዘይት ሳይነካው ወሰድኩት።"

"ኔሪሳ፣ ስሚኝ..."

"አልሰማህም። አምስት ሳምንት እየሰማሁህ ነው፣ ዝም ስትል። 'ቀይ ናት' አልኩህ። ጣትህንም አይቻለሁ፣ በሰሃኑ ላይ እንደ መስታወት ነበር የሚታየው።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? ኮሚቴው ፊት መቅረብ ትችዪ ነበር!" ጮኽኩባት። እሷ ላይ! 

ቢላዋን አስቀመጠች። "እኔም አፈርኩ ሴልዊን። መንጠቆዬን አስቀምጬ የገባሁት እኔ ነኝ። ይዤህ ብቆም ኖሮ... እሱን እኔው ራሴ እናገራለሁ። ግን እኔ ብናገር አንተ ተያዝክ እንጂ አልተናገርክም። ሽማግሌው የሚያምነው አንተን ነው። ካንተ አፍ ሰምቶ ጥፋተኛ ነኝ ያለውን፣ ካንተው አፍ ሲሰማ ነው የሚተወው።"

ከዚያ "ሽንኩርት ነው" አለችና ዓይኗን ጠረገች።

ፌብሯሪ 4

ጄኔል ቅዳሜ ጠዋት ልትወስዳቸው ነው። ኪንግስታውን፣ እሷ ዘንድ። ቤቱ ይዘጋል። ዴዝመንድ ጀልባቸውን ለመውሰድ ጠይቋል።

እንግዶች እስከ ዓርብ። ነፋሱ በርትቷል፣ ሃያ አምስት ኖት። የፊት ሸራ ተቀደደ፣ ሰፋነው።

ዓርብ ማታ ቤኪያ እገባለሁ። ቅዳሜ ማለዳ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ አለ።

ባልሄድስ? ሐኪሙ አይቷቸው ደህና ናቸው ቢልስ፣ ያኔ ሁሉም ነገር በራሱ... ተው ሴልዊን። ተው።

ፌብሯሪ 7፣ ቅዳሜ

ጨርቁን ኪሴ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። መንገድ ሙሉ ስዳስሰው ነበር።

ሻንጣቸው በር ላይ ነው፣ በገመድ ታስሮ። አጎቴ ኦርቲን የቤተ ክርስቲያን ሸሚዛቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጄኔል ማዕድ ቤቱን ታጸዳለች፣ ባልዲና ቡሩሽ ይዛ፣ ግድግዳውን ከታች ጀምራ እያጠበች። "ምድጃውን አጥፍቻለሁ" የሚለው ጠፍቷል።

"ሴልዊን! ልትሰናበተኝ መጣህ" አሉ ሽማግሌው። "ጄኔል፣ ሴልዊን ነው አይደል?"

"እሱ ነው አባዬ።"

"ስም እንዳልሳሳት ብዬ ነው" አሉኝ፣ እንደ ይቅርታ።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ጥሩ ጥሩ ቃላት ያሉበት። ሁሉም ጠፋኝ። ጨርቁን አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት። "አስረውታል አጎቴ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ለምሳ ብዬ። መልሼም አላሰርኩትም። እነዚያ ሰዎች ጥሩ ናት ወይ ሲሉኝ ጥሩ ናት አልኳቸው። ኮሚቴው ፊት ያልኩት... እርስዎ አልረሱም። ምንም አልረሱም።"

ጄኔል ቡሩሹን ባልዲው ውስጥ ጣለችው።

አጎቴ ኦርቲን ጨርቁን አላዩትም፣ ዓይናቸው ደክሟል። በጣታቸው ነው የሄዱበት፣ ቋጠሮው ጋ እስኪደርሱ። እሱን ደጋግመው ዳሰሱት፣ ጭራውን ፈልገው አገኙት፣ ወደ ውስጥ የገባውን።

"አስሬው ነበር?" አሉ።

"አስረውት ነበር።"

"ድጋሚ በለው።"

"አስረውት ነበር አጎቴ።"

"ጄኔል፣ ሰማሽ? አስሬው ነበር!" አሉና እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፣ ሳቁም። ይቆጡኛል፣ ይሰድቡኛል፣ ከቤቴ ውጣ ይሉኛል ብዬ ነበር የመጣሁት። ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር። ደስ ብሏቸው ሲያለቅሱ ለማየት ግን አልተዘጋጀሁም። እኔም ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ጄኔል ግን አልሳቀችም። "ሐኪም ቤት ይዤው ሄጃለሁ" አለችኝ። "'ዛሬ ምን ቀን ነው፣ ይሄ ሥዕል ምንድን ነው' እያሉ እንደ ሕፃን ሲጠይቁት አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ሲመልስ ወደ እኔ ያይ ነበር፣ ልክ ነኝ ወይ ብሎ። አንተ ያኔ የት ነበርክ ሴልዊን? ኤሊ ታሳይ ነበር?"

 

አጎቴ ኦርቲን እጃቸውን አነሡ፣ ዝም እንድትል። ሳቁ ከፊታቸው ሄዷል። ቋጠሮውን በመዳፋቸው ጨበጡት።

"ሰኞ ለኮሚቴው ትነግራለህ።"

"እነግራለሁ።"

"ያ ሰውዬም፣ ባለ ከዘራው፣ በማን ምክንያት እንደሆነ ማወቅ አለበት። ትጽፍለታለህ።"

"እጽፍለታለሁ።"

"ጄኔል፣ ሻንጣውን ፍቺው" አሉ። ከዚያ ተነሥተው፣ ወንበሩን ተደግፈው፣ ወደ ግድግዳው ሄዱ። የላይኛው ጽሑፍ ገና አልታጠበም። ፊታቸውን አስጠግተው ፈልገው አገኙትና እርሳሳቸውን ከመስኮቱ ላይ አንሥተው በላዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሰመሩበት፣ ሁለቴ። እርሳሱን ለእኔ ዘረጉልኝ።

"እዚህ፣ ከሥሩ፣ የሆነውን ጻፍ። በራስህ እጅ፣ ስምህን ጨምረህ። ሰው ሁሉ በዚህ በር ነው የሚያልፈው።"

ወረቀት ላይ ብጽፈው አይሻልም ወይ ልላቸው ነበር። አላልኩም። እርሳሱን ተቀበልኩ። "ዲሴምበር 21 አጎቴ ኦርቲን ቀዩን ጨርቅ አስረዋል" ብዬ ጀመርኩ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ወደ ጥግ ጠጋ አድርጌ።

ጠጋ ብለው በዓይናቸው ፈለጉት።

"ትልቅ አድርገህ ጻፈው" አሉኝ፣ "ዓይኔ ደክሟል።"

በባልዲው ውኃ አጠብኩትና ትልቅ አድርጌ ጻፍኩት።